አጠና፣ ሞራሌ፣ ቀርከሃ ወይስ ብረት? ለጓሮ ዶሮዎች ቆጥ የቱ ይሻላል?

ዶሮ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ወንፊት ሽቦው፣ ስለ በሩ መቆለፊያ ሲያወጣ ሲያወርድ ይሰነብታል። ቆጡ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። የተረፈ እንጨት ተፈልጎ ከግድግዳ ግድግዳ ይጋደማል፣ በቃ። ዶሮዋ ግን የዕድሜዋን ግማሽ የምታሳልፈው እዚያ ላይ ነው። እኛ አገር ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሲመሽ ትወጣለች፣ እስኪነጋ አትወርድም። ውስጥ እግሯ አብጦ ስታነክስ ወይም የደረት አጥንቷ ተጣሞ ስታዩ፣ መጀመሪያ ቆጡን ተመልከቱ።

ምንም ዓይነት እንጨት ብትመርጡ ልኩ አይቀየርም። ዶሮ እንደ ትናንሽ ወፎች ቀጭን ቅርንጫፍ ጨብጣ አትተኛም። ቁጢጥ ብላ፣ ደረቷን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ነው የምትተኛው። ስለዚህ ወርዱ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ጠርዙም ይሞረድ። ከዚያ የቀጠነ ከሆነ ክብደቷ ሁሉ አንዲት ጠባብ መስመር ላይ ያርፋል። በተለይ አጥንታቸው ያልጠነከረ ቄቦች በዚህ ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ግዢው እንሂድ።

አጠና በዋጋ የሚወዳደረው የለም። በየሰፈሩ ይገኛል፣ ክብ ስለሆነ ሹል ጠርዝ የለውም፣ ውፍረቱንም እንደፈለጋችሁ ትመርጣላችሁ። ግን ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ቅርፊቱ ሙልጭ ተደርጎ ይላጥ። ሁለተኛ፣ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሰቅላችሁ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ ነው ችግሩ። ቀን ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽገው ሌሊት የሚወጡ ጥቃቅን ደም መጣጭ ተባዮች አሉ። ቀን ዶሮዋን ብታገላብጧት ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ማታ ባትሪ ይዛችሁ ግቡና ነጭ ሶፍት በቆጡ ሥርና መጋጠሚያው ላይ ጎተት አድርጉት። ቀይ መስመር ከወጣበት የጠጡት ደም ነው። ዶሮዎቻችሁ ያለምክንያት እንቁላል ከቀነሱ ወይም ቆጥ ላይ አንወጣም ካሉ ይህን ፈትሹ። ደግሞም አጠናው እንዳይሽከረከር ሁለቱም ጫፍ በደንብ ይያዝ። እግሯ ሥር የሚንከባለል ነገር ላይ ዶሮ አትተኛም።

ሞራሌ፣ ማለትም በመጋዝ ተሰንጥቆ ባለ አራት ማዕዘን የሆነው እንጨት፣ ከአጠና ይወደዳል፣ እኔ ግን አቅም ለፈቀደለት ሰው የምመክረው እሱን ነው። 4 በ 5 (በሳንቲ ሜትር) የሚባለው ለዚህ ሥራ ልክክ ያለ ነው። ባለ 5ቱን ፊት ወደ ላይ አድርጉት። ሰፋ ስለሚል ስትተኛ ጣቶቿን በላባዋ ሸፍና ታሞቃለች፤ ይህ ለደጋ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከመጋዝ እንደወጣ ግን አትስቀሉት። ስንጥሩ ውስጥ እግሯን ይወጋታል፣ በቁስሉ ጀርም ይገባል፣ ከዚያ እብጠቱ ይመጣል። ላጊ ቤት አስልጉት፣ ሁለቱን የላይ ጠርዞች ክብ አስደርጉ። ሌላው የሞራሌ ጥቅም ቀጥ ማለቱ ነው። ግድግዳው ላይ ከእንጨት መቀመጫ ተሠርቶለት ያለ ምስማር ይቀመጣል። ለጽዳት ሲፈለግ ብድግ አድርጎ ማውጣት፣ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። በምስማር የተመታ ቆጥ እንደዚህ አይጸዳም።

ቀርከሃ ያምራል፣ ቀላልም ነው። እዚህ ላይ የየትኛው አገር ቀርከሃ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። እንደ አዊና ሲዳማ ካሉ አካባቢዎች የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው። የአሶሳ በኩሉ የቆላ ቀርከሃ ድፍን ነው ማለት ይቻላል፣ ጥንካሬውም ለዚህ ይሻላል። ባዶውን ከገዛችሁ ሁለቱን ጫፍ በደንብ ድፈኑ፤ አለዚያ የነፍሳት መኖሪያ ነው የሚሆነው። ሁለቱም ልስልስ ስለሆኑ ከበድ ያለች ዶሮ ያንሸራትቷታል። ለሐበሻ ዶሮ ይበቃል፤ ሳሶ ለሚባለው ከባድ የውጭ ዝርያ ግን አልመርጠውም።

ብረትን በተመለከተ ብዙ ሰው መርጦ አይገዛውም፤ ከተዘጋጀው ዶሮ ቤት ጋር አብሮ ይመጣለታል። ብየዳ ቤቶች በቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ወይም በቀጭን ክብ ቱቦ ሠርተው ይሸጣሉ። አይበሰብስም፣ ምስጥ አይነካውም፣ ማጠቡም ቀላል ነው። ግን ብርድ ይስባል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ብረት ላይ ማደር ለዶሮ ስቃይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ቅዝቃዜው ያን ያህል አያሳስብም፣ ማንሸራተቱ ግን እዚያም አለ። ከገዛችሁት ደግሞ አትጣሉት። የተላገ ሞራሌ ከላዩ አጋድማችሁ በሽቦ እሰሩበት። ጆንያ ወይም ጨርቅ ግን አትጠቅልሉበት፤ ኩስና እርጥበት ይይዛል፣ ተባይም ይራባበታል። ብረት ለማቆሚያው ፍሬም ይሁን፣ መተኛው እንጨት ይሁን።

የፕላስቲክ ቱቦ? ተዉት። ያንሸራትታል፣ ይጎብጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው አቀማመጡ ነው። እንደ መሰላል ደረጃ በደረጃ ይሁን ወይስ ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ? መሰላሉ ቦታ ይቆጥባል፣ ለመውጣትም ይመቻል። ነገር ግን ሁሉም ላይኛውን ስለሚፈልግ ማታ ማታ ግፊያና መነካከስ አይቀርም። ጉልበተኞቹ ላይ ይሰፍራሉ፣ ደካሞቹ ታች ሆነው ኩስ ይወርድባቸዋል። ስለዚህ ቦታ ካላችሁ እኩል አድርጉት። ካልሆነም ደረጃዎቹ ወደፊት ወጣ ወጣ ይበሉ እንጂ አንዱ ከሌላው በላይ በቀጥታ አይሁን።

ከፍታው በዝርያው ይወሰናል። የሐበሻ ዶሮ ቀላል ናት፣ ከአንድ ሜትር በላይም ብታደርጉላት ትወጣለች። ሳሶ ግን ከባድ ነው፣ ደህና የተመገበ አውራ ከ3 ኪሎ ያልፋል። ጠዋት ከላይ ሲዘል የሚጎዳው እግሩ ነው። ለእሱ ግማሽ ሜትር ይበቃል፣ መወጣጫ ሳንቃም ቢጨመርለት ጥሩ ነው። ቦቫንስ ብራውን የምትባለው የእንቁላል ዝርያ መሐል ላይ ናት። ለሁሉም ግን ቆጡ ከእንቁላል መጣያው ሳጥን ከፍ ይበል። ሳጥኑ ከበለጠ እዚያ ውስጥ ያድራሉ፣ ጠዋት የምታነሡት እንቁላል ኩስ የተቀባ ይሆናል።

ርዝመቱን ስትገዙ እንዲህ አስቡት። ለአንድ ዶሮ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ለሳሶ 30። ለ12 ሳሶ 3 ሜትር ከ60 ያስፈልጋል ማለት ነው፤ 1 ሜትር ከ80 የሆኑ ሁለት እንጨቶች ይበቃሉ። ከግድግዳው 30፣ በመካከላቸው ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ከሥሩ መመገቢያም ሆነ ውኃ መጠጫ አይኑር። በምትኩ አሮጌ ላሜራ አንጥፉ። የሌሊቱ ኩስ እዚያ ላይ ይጠራቀማል፣ ጠዋት ጠርጎ ለማዳበሪያ መውሰድ ነው።

ስለ ቀለምና ቅባት አንድ ነገር ልበል። ምስጥ እንዳይበላው ብለው ቆጡን የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ። እባካችሁ ይሄ ይቅር። እግሯና ላባዋ ላይ ይጣበቃል፣ ስትጠራርግም በአፏ ይገባል። ምስጥ የሚያሰጋችሁ ከሆነ መሬት የሚገባውን የቋሚውን ጫፍ ብቻ ቀቡ፣ በደንብም ይድረቅ። መተኛው ላይ ኖራ ቢቀባ ስንጥቁን ይደፍናል።

ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ላይ አትምቱ። በአራት እግር የሚቆም፣ እንደ አግዳሚ ወንበር ያለ ቆጥ አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራላችኋል። እግሩ ሰፋ ብሎ እንዳይወዛወዝ ብቻ ተቆጣጠሩ። ቤት ስትለቁ ከዶሮዎቹ ጋር ይሄዳል።