ባለ ሁለት ሞተር ሞዴል አውሮፕላን፦ የትኛው ስፒድ ኮንትሮለር ይገዛ?

ባህር ዳር ላይ ሞዴል አውሮፕላን ለሚሠራ ሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው። የተሳሳተ ዕቃ ከመጣ መልሶ መቀየር የለም። ስለዚህ ክርክሩ ከግዢ በፊት ይለቅ። የማብረር ፈቃዱም እንደዚያው፤ መጀመሪያ የሚጨረስ ጉዳይ ነው።

ስፒድ ኮንትሮለር ከባትሪው ኃይል ወስዶ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ክፍል ነው። ባለ አንድ ሞተር ጣጣ የለውም። ሁለት ሞተር ሲሆን ግን ምርጫው ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ሁለት ባለ ቤክ ስፒድ ኮንትሮለር በአንድ ባትሪ ነው። ቤክ የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 5 ቮልት አውርዶ ሪሲቨሩንና (የሪሞቱን ሲግናል ተቀባይ) ሰርቮዎቹን (መሪውንና ክንፉ ላይ ያሉትን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሱ ትናንሽ ሞተሮች) የሚመግበው ክፍል ነው። ርካሹም፣ በቀላሉ የሚገኘውም ይሄ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ቤኮች አንድ ሪሲቨር ላይ ሲገናኙ ነው። ሁለቱም 5 ቮልት ይባሉ እንጂ እኩል አይሆኑም፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል። ሊኒየር (ትርፉን ቮልቴጅ በሙቀት የሚያባክኑ) ከሆኑ አንዳንዴ ተቻችለው ይኖራሉ። ስዊቺንግ (በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ቮልቴጁን የሚያወርድ፣ ብዙ የማይግል ዓይነት) ከሆኑ ግን ባታገናኟቸው ይሻላል።

መፍትሔው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከአንደኛው ስፒድ ኮንትሮለር ወደ ሪሲቨር ከሚሄዱት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀዩ መሃል ላይ ነው። የተሰኪውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ በመርፌ ጫፍ ቀና አድርጉና ቀዩን ሳብ አድርጋችሁ አውጡት። ጫፉን በናስትሮ ጠቅልሉት። አትቁረጡት፤ ነገ ለሌላ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ጥቁሩን ወይም ቡናማውን ግን እንዳትነኩ፤ ያለ እሱ ሲግናሉ ይዘባርቃል።

ቀዩ ከወጣ በኋላ የቀረው ቤክ ብቻውን ነው፤ ሊኒየር ከሆነ ሙቀቱን አስሉ። ሙሉ የሆነ 3 ሴል ባትሪ 12.6 ቮልት ነው። ሰርቮዎቹ 1 አምፒር ቢስቡ 7.6 ዋት በሙቀት ይባክናል። በ4 ሴል ደግሞ 11.8 ዋት ይሆናል። በጣም የጋለ ቤክ ራሱን ያጠፋል፤ ሪሲቨሩም አብሮ ይጠፋል። ያኔ አውሮፕላኑ የጣና ጉማሬዎች ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ቤክ የሌላቸው፣ ኦፕቶ የሚባሉ ስፒድ ኮንትሮለሮችና ለብቻው የሚገዛ ስዊቺንግ ቤክ ነው። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ የሚበየድ ሽቦም ይበዛል። ግን ሙቀቱ ይቀንሳል፣ የሚወጣ ቀይ ሽቦም የለም። እኔን ከጠየቃችሁ ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ሰርቮው ከአራት ካለፈ ወይም ባትሪው 4 ሴል ከሆነ።

ሦስተኛው ለየሞተሩ የየራሱ ባትሪ ነው። «አንዱ ቢያልቅ ሌላው ያደርሰኛል» የሚሉ አሉ። አያደርስም። አንዱ ቀድሞ ሲያልቅ አውሮፕላኑ ወደ ሞተው ሞተር ይዞራል፤ ለጀማሪ መመለሻ የለውም። አንድ በቂ ባትሪ ይሻላል። እያንዳንዱ ሞተር 20 አምፒር ከሳበ ድምሩ 40 ነው። 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ 25ሲ የሆነ (የአቅሙን 25 እጥፍ መስጠት የሚችል) ባትሪ በወረቀት ደረጃ 55 አምፒር ይሰጣል፤ ሞተሮቹ በሙሉ ኃይል ከሠሩ ግን ሦስት ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ሽቦ ማስረዘም ካስፈለገ ወደ ሞተር የሚሄዱትን ሦስቱን አስረዝሙ። የባትሪው በኩል ሲረዝም የስፒድ ኮንትሮለሩ ካፓሲተር ይጎዳል። ሞተሩ በግልባጭ ከዞረ ከሦስቱ ማናቸውንም ሁለት አቀያይሩ፤ አለቀ። ከተንቀጠቀጠና አልነሳ ካለ አታስገድዱት፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ሽቦ በደንብ አልተበየደም ማለት ነው።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲወዳደር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሻጩ ለሞተሩና ለፕሮፔለሩ የጻፈውን የመግፋት ኃይል ቁጥር እንዳለ አትመኑ። ትልቅ ፕሮፔለር የምትሞክሩ ከሆነ ሞተሩ የሚስበውን ኃይል የሚለካ ዋትሜትር ያዙ።

የመጨረሻው ጥያቄ ዋይ ገመድ (ሁለቱን ስፒድ ኮንትሮለር ከአንድ የሪሲቨር ቻናል ጋር የሚያገናኝ) ወይስ ሁለት ቻናል (ለየሞተሩ የየራሱ) የሚለው ነው። ከሜዳ ለሚነሳ ዋይ ገመድ ይበቃል። ተንሳፋፊ ገጥማችሁ ከሐይቁ ላይ ለማስነሳት ካሰባችሁ ግን ሁለት ቻናል ተጠቀሙ፤ ውሃ ላይ በዝግታ ሲሄድ መሪው እምብዛም አይሠራም፣ የግራና የቀኝ ሞተር ልዩነት ነው የሚያዞረው። በሁለቱም መንገድ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ የሁለቱንም ስፒድ ኮንትሮለር ስሮትል (የኃይል መስጫውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ) ካሊብሬት አድርጉ። ካልሆነ አንዱ ቀድሞ ይነሳል።