ዝግጁ ሮል ኬጅ ወይስ በልክ የሚሠራ? ለጭንቅላታችሁ ስትሉ አንብቡት

«ዝግጁውን ገዝቼ ላስበይደው ወይስ ከዜሮ ላሠራ?» የውድድር መኪና የሚያዘጋጅ ጓደኛ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። ሮል ኬጅ ማለት መኪናዋ ስትገለበጥ ሰውን እንዲጠብቅ በውስጧ የሚበየድ የብረት ቱቦ ማዕቀፍ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ረጅም ከሆናችሁ ወይም የመኪናችሁ ጣሪያ ዝቅ ያለ ከሆነ በልክ አሠሩ። ዝግጁው የሚያዋጣው አጠር ላለ ሰው፣ ያውም መኪናዋ ሰፊ ስትሆን ነው።

ሁሉም ዋጋ ስለሚጠይቅ ከዋጋው እንነሳ። ዝግጁው ማስታወቂያ ላይ ሲታይ ርካሽ ነው። ግን የተጻፈው የታጠፉ ቱቦዎች ዋጋ ብቻ ነው። ማጓጓዣ አለ፤ ዕቃው ቦታ ስለሚይዝ ይወደዳል። በያጅ አለ። እግሮቹ የሚያርፉበት ላሜራ አንዳንዴ አብሮ አይመጣም። ቱቦውን የሚሸፍነው ስፖንጅ ለብቻው ይገዛል። ቱቦው አልገጥም ሲል ደግሞ በያጁ እየቆረጠ፣ እየሞረደ የሚያስተካክልበት ሰዓት አለ። ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። መጀመሪያ ሁሉንም ደምሩ፤ ከዚያ ከበልኩ ጋር አወዳድሩት። ተበይዶ ካለቀ በኋላ ሄልሜታችሁ ቱቦ ቢነካስ? ቆርጦ ማውጣት፣ ወለሉን መጠገን፣ እንደገና መሥራት፣ እንደገና ቀለም። ለአንድ ኬጅ ሁለት ጊዜ ከፈላችሁ ማለት ነው።

ዝግጁው የጭንቅላት ቦታ የሚበላበት ምክንያት አለው። በያጁ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን እንዲደርስበት ከጣሪያው በታች ክፍተት ይተውለታል። ያ ክፍተት የሚወሰደው ከእናንተ ነው። በልክ የሚሠራ ጎበዝ ባለሙያ ግን ዘዴ አለው። እግሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ወለሉን ይቀድና ኬጁን ወደ ታች ያወርደዋል። የላይኛውን መገጣጠሚያ ተመቻችቶ ይበይዳል። ከዚያ ኬጁን ወደ ላይ ገፍቶ ከጣሪያው ጋር ያስጠጋዋል፤ ከእግሮቹ ሥር የብረት ሳጥን ይሠራለታል። አድካሚ ሥራ ነው፣ ያስከፍላልም። መቀመጫውን እስከ ወለሉ አውርዶ ለጨረሰ ረጅም ሰው ግን ሌላ መንገድ ብዙም የለውም።

«ክሮሞሊ ባደርገውስ፣ ቀጭን ስለሆነ ቦታ አላገኝም?» አታገኙም። ክሮሞሊ ክሮምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት ነው። የአሜሪካ የድራግ (የቀጥታ መንገድ ፍጥነት) ውድድር ማኅበር ኤን.ኤች.አር.ኤ. ለተራው ብረት 0.118 ኢንች የግድግዳ ውፍረት ሲጠይቅ፣ ለክሮሞሊ 0.083 ይበቃዋል። የቱቦው የውጭ ስፋት ግን በሁለቱም ያው ነው። የሚቀንሰው ክብደት ነው። ጫና ሲያርፍበት ደግሞ ክሮሞሊ ከተራው ብረት የበለጠ ግትር አይደለም። በዚያ ላይ ቱቦው ራሱ ውድ ነው፣ በቲግ (ጥንቃቄ በሚጠይቅ የኤሌክትሪክ ብየዳ) መበየድም አለበት። ለጭንቅላት ቦታ ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። በኤፍ.አይ.ኤ. (በዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን) ሕግ የምትሠሩ ከሆነ ዋናው ቅስት፣ ማለትም ከመቀመጫው ኋላ የሚቆመው፣ የውጭ ስፋቱ 45 ሆኖ ግድግዳው 2.5፣ ወይም 50 ሆኖ 2.0 ሚሊ ሜትር መሆን ይችላል። እኔ 45ቱን እመርጣለሁ። በሜትር ሩብ ኪሎ ያህል ይከብዳል፣ ግን 5 ሚሊ ሜትር ያተርፋል።

ከአናት በላይ ያለውን ሁሉም ይለካል። ኤን.ኤች.አር.ኤ. እንኳ ዋናው ቅስት ከሄልሜቱ በላይ ቢያንስ 3 ኢንች ይውጣ ይላል፤ 7.6 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። የሚረሳው ጎኑ ነው። ሲጋጩ ቀበቶ ይለጠጣል፣ ጭንቅላት ወደ በሩ ይወረወራል። መኪናዋ ስትገለበጥ ደግሞ ሰውነት ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ስለዚህ ከበሩ በላይ የሚያልፈውን ቱቦ፣ የጣሪያውን ኤክስም (ተሻግረው የሚያልፉትን ሁለት ቱቦዎች) እዩ። የኤክሱ አንድ እግር ብዙ ጊዜ ልክ አናታችሁ ላይ ያልፋል። ሕጋችሁ ከፈቀደ ጫፉ ከዋናው ቅስት መሃል የሚነሳ ቪ ይሻላል። (በዚያው መኪና ያለ ሄልሜት ገበያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ተዉ።)

ስፖንጁ ላይ አትሸወዱ። የውኃ ቧንቧ መሸፈኛ የሆነ ለስላሳ ጥቁር ስፖንጅ የኬጅ ነው ተብሎ ይሸጣል። በአውራ ጣት ሲጫኑት እስከ ብረቱ ይሰምጣል። ትክክለኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ኤስ.ኤፍ.አይ. 45.1 ወይም ኤፍ.አይ.ኤ. 8857-2001 የሚል የደህንነት ደረጃ መለያ ይኑረው። ለመግዛት ስትሄዱ ደረሰኝና መለያ ጠይቁ። ቦታውን የምትለኩትም ስፖንጁ ከገባ በኋላ ነው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ቱቦው ነው። ርካሽ ኬጆች ላይ መታጠፊያው ጠፍጥፎ ወይም ተጨማድዶ አይቻለሁ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። መታጠፊያው ላይ ጠባቡን ስፋት ለሰፊው አካፍሉ። የኤፍ.አይ.ኤ. ወሰን 0.9 ነው። 45 የነበረው ቱቦ በአንድ በኩል 42፣ በሌላው 48 ከሆነ 0.875 ነው፤ መልሱት። ግድግዳውም ከተባለው ቀጥኖ ሊገኝ ስለሚችል ትንሽ መፈተሻ ቀዳዳ ይብሱላችሁና ለኩ። እምቢ ካለ ሻጭ አትግዙ።

በልክ ስታሠሩ ክፍያውን ከፋፍሉት። ኬጁ በነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዞ ሳለ ገብታችሁ ተቀመጡ። መቀመጫው በቦታው ታስሮ፣ ቱታው ተለብሶ፣ ሄልሜቱና ሃንሱ (የአንገት መጠበቂያው) ተደርጎ፣ ቀበቶው ጥብቅ ብሎ። ጭንቅላታችሁን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ጣሉት፤ አንድ ሰው በውጭ ሆኖ ስፖንጁን ጨምሮ ይለካ። የሚነካ ነገር ካለ በዚያች ሰዓት መፍታት ቀላል ነው። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ ልቀቁ።