ቪትዜ ላይ ሁለት ባትሪ፣ ከ8 ወር በኋላ

ሱሉልታ መንገድ ዳር ቆማ ቡና የምትሸጠው ቪትዝ የኔ ናት፣ የኋላ ኮፈኗን በከፈትኩ ቁጥር ያ ባትሪ ምንድነው የሚለኝ ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ በአንድ ባትሪ ነበር የምሰራው። ለወተትና ለውሃ የ12 ቮልት ትንሽ ፍሪጅ አለች፣ መፍጫው በኢንቨርተር ነው፣ ሲመሽ መብራት፣ ደሞ ስልኬን ሰካልኝ የሚል አይጠፋም (ማፍላቱ በጋዝ ነው እሱን ተዉት)። አንድ ኤሌትሪሺያን ሁለተኛ ባትሪ ጨምሮ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አሰረልኝና አለቀ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ማታ ልሄድ ቁልፍ ሳዞር ቀጭ ቀጭ ብቻ፣ ለካ ሁሌ ከተያያዙ አብረው ነው የሚያልቁት! አውቶማቲክ ስለሆነች ተገፍታ አትነሳም፣ አንድ የሲኖ ሹፌር ሊረዳኝ ቆሞ ነበር ግን የሱ 24 ቮልት ነው የኔ 12፣ በዛ ብርድ ሚኒባስ እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን።

በነጋታው ሶማሌ ተራ ወርጄ ቮልቴጅ እያየ ራሱ የሚያገናኝና የሚለያይ ሪሌይ ገዛሁ። ሞተር ተነስቶ ዲናሞው ወደ 13.3 ቮልት ሲያደርሰው ያገናኛል፣ ሞተር ጠፍቶ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያቸዋል። ወዲያው አይለይም፣ ትንሽ ቆይቶ ነው ጠቅ የሚለው፣ እኔ መጀመሪያ ተበላሸ ብዬ ነበር። የፊተኛው ለሞተር ብቻ፣ የኋላው 100 አምፒር ሰዓት ዲፕ ሳይክል (ቀስ እያለ ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ የተሰራ ባትሪ) ለቡናው። ከዛ ወዲህ አንዴም አልነሳም ብላኝ አታውቅም።

ገመድ ላይ ግን እንዳትቆጥቡ። እኔ ቤት የነበረ ቀጭን ገመድ ዘርግቼ፣ የኋላው ባዶ ሲሆን ሪሌዩ እየተያያዘ እየለቀቀ ጠቅጠቅጠቅ ሲል ቆየ፣ በ25 ስኩዌር ሚሊሜትር ቀየርኩት ዝም አለ። ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ፣ ባትሪው ጥግ ላይ፣ ምክንያቱም ገመዱ ምንጣፍ ስር ቆርቆሮ እየነካ ነው የሚያልፈው፣ ቢላጥ ከሁለቱም በኩል እሳት ነው።

ያልተፈታልኝ ቻርጁ ነው። ፍሪጇ፣ መፍጫውና መብራቱ ተደምረው በቀን 30 አምፒር ሰዓት አካባቢ ይበላሉ፣ እኔ ደሞ ቤቴ 20 ደቂቃ ነው፣ በዛች መንገድ ቢበዛ 8 ወይ 9 ብትመልስ ነው። ሊድ ባትሪ (የተለመደው አሲድ ያለው) ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል፣ ስለዚህ በሁለት ቀን አንዴ ማታ ግድግዳ ላይ ቻርጀር ሰክቼ አድራለሁ። ሪሌይ ካለህ ቻርጀር አያስፈልግህም ያለኝ ሻጭ ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው መስዬው ይሆናል።

ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ በቴስተር አያለሁ፣ 12.7 ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ስለሆነ ፍሪጇን አልሰካም። ትናንት ማታ ሰፈራችን መብራት አልነበረም፣ ዛሬ 12.2 ነው ያለኝ፣ ቡና በወተት አትዘዙኝ።