ስማቸውን እንዳልጠራ ላዘዙኝ የንስሐ አባቴ

«ጥሩ የንስሐ አባት የምታውቁ ጠቁሙን» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በየቦታው አያለሁ። ይገባኛል። በ2016 ሰፈራችን የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አጥቢያውም አብሮ ተበትኗል። ቤታችንን ጠበል ይረጩልን የነበሩት፣ እናቴን ያናዘዙት፣ እኔንም በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝ አባት ቀደም ብለው ዐርፈው ስለነበር ወደ ከተማው ዳር ስንሄድ ያለ አባት ነው የሄድነው። ሥራዬ ግን አሁንም ብሔራዊ አካባቢ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በአራት ኪሎ አልፋለሁ። እኚህን አባት ያገኘኋቸውም በዚያው መንገድ ላይ፣ የጠዋቱን ጸሎት፣ ኪዳንን፣ ለማድረስ ጎራ ከምልበት ደብር ነው።

ስማቸውን አልጽፍም። «አባ፣ ምስጋና ልጽፍልዎት ነው» ብዬ ሳስፈቅድ ሳቁብኝ። «ውዳሴ ከንቱን በእጅሽ ልትልኪብኝ ነው?» አሉ። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ነገሩን ጻፊ፤ እኔን ተዪኝ» አሉኝ። የምጽፈው የራሴን ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ምሥጢር ወጣ የሚል አይኖርም።

ያኔ ይዤ የሄድኩት ጉዳይ ገዳም ነበር። ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ «ሥራሽን ተዪ፣ ዓለም በቃሽ፣ ገዳም ግቢ» የሚል ሐሳብ ያዘኝ። ክፉ ሐሳብ አይመስልም እኮ! ጥቅስ ይዞ ነው የሚመጣ፣ እንባ ይዞ ነው የሚመጣ። የቢሮ ጓደኛዬ ነገሩን ስትሰማ «ባሕታዊ ናቸው፣ ሁሉን ያያሉ» ብላ ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ። ሰውየው ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ራእይ እንደታያቸው፣ ካልፈጠንኩ መቅሠፍት እንደሚያገኘኝ ነገሩኝና ስእለቱን በቴሌብር እንዳስገባ ቁጥር ሰጡኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ይህን ያነሣሁት የአባን አያያዝ ከዚህ ጋር እንድታስተያዩት ነው።

አባ ያየሁትን ሕልምም ሆነ የመጣልኝን ጥቅስ አልጠየቁኝም። «ሐሳቡ የሚመጣብሽ መቼ ነው?» አሉኝ። ሁልጊዜ አልኳቸው። «ሁልጊዜ የሚባል ሰዓት የለም። ትንሽ ደብተር ያዢ፤ በመጣብሽ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የሆነውን ጻፊ» ብለው ሸኙኝ። ቀኖና የለ፣ ስግደት የለ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ የጠበቅሁት ሱባኤ ነው።

ደብተሩን ይዤ ስመለስ መነጽራቸውን አደረጉና በአውራ ጣታቸው መስመር በመስመር ወደ ታች ወረዱ። ሒሳብ የምንዘጋበት ሳምንት። ከአለቃዬ ጋር የተነጋገርኩበት ማግስት። አሁንም ሒሳብ የምንዘጋበት ሳምንት። ከቅዳሴ ወጥቼ ከእናቴ ጋር በምውልባቸው እሑዶች ግን አንድም የተጻፈ የለም። አባ «ከሰይጣን ነው» አላሉኝም። «ምንኩስና ቅዱስ ነው» አሉ፤ «ይኼ ሐሳብ ግን ወደ ገዳም እየጠራሽ ነው ወይስ ከቢሮ እያስወጣሽ?» መልስ አልነበረኝም፤ እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ዓመት ፈቃዴን ወስጄ እንዳርፍ፣ ከአለቃዬ ጋር እንድታረቅ፣ የገዳሙን ነገር እስከ ሚቀጥለው ትንሣኤ እንዳላነሣው አዘዙኝ። «ከእግዚአብሔር ከሆነ ቢቆይ አይበላሽም፤ ጾር ከሆነ ግን መቆየት አይወድም።»

በገዳም ያሉ አባቶች የሐሳብን ውጊያ ጾር ነው የሚሉት። አባ ይህንን ሲያስረዱኝ የወሰዱኝ ጌታ ወደ ጾመበት ወደ ገዳመ ቆሮንቶስ ታሪክ ነው። ጌታ ዐርባ ቀንና ዐርባ ሌሊት ጾሞ ሳለ ፈታኙ በስስት፣ በትዕቢትና በፍቅረ ንዋይ እንደመጣበት፣ እርሱም በትዕግሥት፣ በትሕትናና በጸሊአ ንዋይ (ገንዘብን በመጥላት) ድል እንደነሣው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔ ያላስተዋልኩት፣ ፈታኙ ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲል ከዳዊት መጥቀሱን ነው፤ ያውም ብዙዎቻችን ማታ ማታ የምንደግመውን መዝሙር 90ን። «እንግዲህ ጥቅስ ይዞ መጣ ብለሽ በር አትክፈቺ» አሉኝ። ቀጥለው «አንቺ የተያዝሽው ከሦስቱ በየትኛው ይመስልሻል?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። ቆብ ደፍቼ፣ ዘመዶቼ ከሩቅ እያዩኝ ሲያለቅሱ አስቀድሜ በሐሳቤ ሥዬው ነበራ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ እሳቸው ግን የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ ግን ሌላው ነው፤ ብዙዎቻችሁን የሚነካ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በሕፃንነቴ ስቆርብ አድጌ፣ ጉርምስና ሲመጣ እንደ አብዛኞቻችን አቁሜ ነበር። ምክንያቴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አልበቃሁም።» ደስ የሚል ቃል ነው፤ ሰውም ያከብርሻል። አባ ይህንን ሲሰሙ እንደ ገዳሙ ጊዜ አልታገሡኝም። ትሕትና ንስሐ ያስገባል እንጂ ከንስሐ አያስቀርም፤ አልበቃሁም እያልሽ ሳትናዘዢ ስንት ዓመት ተቀመጥሽ፣ ይኼን ትሕትና ማን ነው የላከልሽ አሉኝ። ማንም የሚበቃ እንደሌለ፣ ካህኑም ራሱ በቅቶ እንዳልቆመ፣ ሐሳብን ከአመጣጡ ይልቅ በሚወስደን ቦታ እንደምንለየው ነገሩኝ። ተናዘዝኩ። የተሰጠኝ ቀኖና ከገመትኩት ያነሰ ነው፤ ከዳዊት በየቀኑ አንድ ንጉሥ (ዐሥር መዝሙር)፣ ጥቂት ስግደት፣ ደግሞም የተጣላኋትን የአክስቴን ልጅ ሄጄ እንድጠይቃት። የመጨረሻው ከስግደቱ ሁሉ ከበደኝ። ቀኖናዬን ጨርሼ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብዬ፣ ዐሥራ ስምንት ሰዓት ጾሜ ቆረብኩ።

በቅዳሴ መካከል በድንገት ስለሚመጣው የስድብ ሐሳብም ጠይቄያቸዋለሁ (ብቻዬን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስንቱ ነው)። መልሳቸው አጭር ነው፦ መጣ ማለት ፈቀድሽ ማለት አይደለም፤ አትከራከሪው፣ አትመርምሪው፣ ተሰጥዎውን፣ ሕዝቡ የሚመልሰውን፣ ቀጥዪ።

ከዚያ እንቅልፌን ጠየቁኝ። ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ምን እንደምበላ። ድምፅ የሚሰማው፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ ሰው ሲመጣባቸው እየጸለዩለት ወደ አማኑኤል ሆስፒታል እንደሚልኩ፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው እንደሚሉ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እኔ ጋ የነበረው የቡናና የስልክ ነገር ሆኖ ተገኘ።

በስልኬ ላይ መጽሐፈ መነኮሳትን ጭኜ ሌሊት ሌሊት ማር ይስሐቅን እንደማነብ ስነግራቸውም አልተደሰቱም። ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው በትርጓሜ የሚማሯቸው፣ ለመነኮሳት የተጻፉ ናቸው፤ አንቺ ገና ዳዊቱን አልጨረስሽም አሉኝ።

እንከን የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ስልክ አያነሡም። ግእዙን ይናገሩና መተርጎሙን ይረሱታል። ሕልም ሊያስፈታ የመጣን ሰው ፊት አይሰጡም፤ ተቀይመው የሄዱ አውቃለሁ። ገንዘብ በፖስታ አድርጌ ልሰጣቸው ስል ወደ በሩ ጠቁመው «ከዚያች እናት ጧፍ ግዢና ለዕቃ ቤቱ ስጪ፤ የተረፈውን ለነዳያኑ» አሉኝ። ለራሳቸው አንድ ሳንቲም ሲቀበሉ አይቼ አላውቅም።

አባ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአገልግሎት ዘመንዎን ይባርክልን።

አድራሻ ለምትጠይቁኝ፦ በውስጥ መስመር የደብሩን ስም እነግራችኋለሁ፣ ስልክ ግን አልሰጥም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አትሂዱ፤ ክርስትና የሚያስነሣው፣ ፍትሐት ያለበት፣ መስቀል የሚሳለመው ተደራርቦ ለመናገር እንኳ ፋታ አይገኝም። በሥራ ቀን ኪዳን እንዳለቀ ከሄዳችሁ ከሥራ በፊት ትደርሳላችሁ። የንስሐ ልጆቻቸው ብዙ ስለሆኑ «ሰፈርሽ የት ነው?» ብለው ወደ አጥቢያችሁ ካህን ሊልኳችሁ ይችላሉ። እንዳትከፉ፤ ታናሽ እህቴንም እንዲሁ ነው የላኳት፣ አሁን እዚያው አጠገቧ ያሉትን አባት ይዛለች። አጥቢያችሁን የማታውቁት ደግሞ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የንስሐ አባት እንዲመድቡላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለሚመጣ ግን ከዚያ በፊት ሂዱ።