ለአጭር ሴት የሚሆን የእግር ጉዞ ሱሪ፦ ከ9 ወር በኋላ

ቁመቴ 1 ሜትር ከ50 ነው፣ ዕድሜዬ 64። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር በእግር እሄዳለሁ። በወር አንዴ ደግሞ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር እህቴ ጋ እሰነብታለሁ። የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን እንዞራለን። ጉልበታችን እሺ ካለ ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ እንወጣለን።

ለዚህ የሚሆን ልብስ ሳጣ ኖሬያለሁ። የስፖርቱ ልብስ የልጆች ነው። ለእኛ ዕድሜ የሚሸጠው ረጅም ቀሚስ ደግሞ ዳገት ላይ ይጠልፋል። እኔ የምፈልገው ከጉዞ መልስ ጎረቤት ለቡና ቢጠራኝ ሳልቀይር ሽክ ብዬ የምገባበትን ነው።

ጥቅምት ላይ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ አንድ የእግር ጉዞ ሱሪ በ1,800 ብር ገዛሁ። ጥቁር ቡኒ ነው። ጨርቁ ናይለን ሆኖ ትንሽ ይለጠጣል፣ ወገቡ ከኋላ ላስቲክ አለው፣ ኪሶቹ ባለዚፕ ናቸው። በጣም ረዘመብኝና ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ከታች 10 ሴንቲሜትር አጠፈልኝ። ርዝመቱ ልክ መጣ። ግን አላማረብኝም፤ ደረጃ ስወጣም ጭኔን ይይዘኛል። ሁለት ወር ሙሉ ምክንያቱ አልገባኝም።

የገባው ሐረር መኪና ግርግር ያለ ልብስ ሰፊ ነው። (መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ዛሬም ሰፊዎቹ እዚያው በራቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ።) አቁሞ አየኝና፣ የሐረር ሰው አንቱታ አያበዛምና፣ «እናቴ፣ የሱሪው ጉልበት እኮ ቅልጥምሽ ላይ ነው ያለው! አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደዚህ ያለ ሱሪ እግር ሲታጠፍ እንዳይዝ ጉልበቱ ላይ ስፌት ይገባበታል። ለረጅም ሴት ስለተለካ ያ ስፌት በእኔ ላይ ይወርዳል። ከመቀመጫው እስከ ወገቡ ያለው ጨርቅም ይተርፋል። ከታች ማሳጠር ይህን አይነካውም። ሰውዬው ወገቡን ፈትቶ ከላይ 4 ሴንቲሜትር ቀነሰ፣ ዚፑን አሳጠረ፣ ከጉልበት በታች ትንሽ አጠበበው። የመጀመሪያው ሰፊ ጨርቁን ሳይቆርጥ አጥፎት ስለነበር ከታች ለቀቀልኝ። ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሱሪው ቁርጭምጭሚቴን አይደርስም ነበር። ስለዚህ እህቶቼ፣ ጉልበቱ ቦታውን ሳይዝ እግሩን አታስቆርጡ። ስትገዙም ለዳሌያችሁ የሚበቃውን ምረጡ፤ ሌላው ይጠባል፣ ዳሌ ግን አይሰፋም።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ለብሼዋለሁ። ማታ አጥቤ ጠዋት ደርቆ አገኘዋለሁ። ጉልበቱ አልተንዘላዘለም፣ የሐኪም ጋራ እሾህም አልቀደደውም። መቀመጫው ላይ ግን መንኳኮት ጀምሯል። የፊት ኪሶቹ ከላይ ሲቀነስ አጥረው ስልኬ ብቅ ይላል። አንድ ቀን በጋለ ካውያ ነክቼው ጭኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ምልክት ቀርቷል፤ ናይለን ሙቀት አይችልም፣ ካስፈለገ ጨርቅ ደርቦ ለብ ባለ ካውያ ነው።

የድሬ ሙቀትስ? እውነቱን ልናገር። በግንቦትና በሰኔ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ቆዳዬ ላይ ይጣበቃል። እሱን አውልቄ ሽቲዬን፣ ስስ የቤት ቀሚሴን፣ እለብሳለሁ፤ ቤት ውስጥ እንደ ስስ ጥጥ የሚሆን የለም። ዳገት ላይ ግን ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅ። ሐረር ከፍ ስለሚል ቀኑን ሙሉ ይለበሳል።

ከላይ የምለብሰው ሸሚዝ ዳሌዬ አጥንት ላይ ያበቃል። ጉልበት ድረስ የሚወርደው ቁመቴን ይበላዋል። ቀለሙንም ወደ ሱሪው አስጠጋለሁ፣ ጫማዬም ቡኒ ነው፤ መሀል ላይ የሚቆርጠኝ ቀለም ሳይኖር ረዘም እላለሁ። ድምቀቱን ለአንገቴ ሻርፕ እተወዋለሁ፦ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ሐረሮች የሚወዱት ዓይነት።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን ገዛሁ፣ አመድማ ነው። እግሩ ሳይነካ ቅዳሜ መኪና ግርግር ይዤው እሄዳለሁ። ኪሱንም አስረዝምልኝ እለዋለሁ።