ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ የ10 ሜጋኸርዝ ሪፈረንስ ልትገዙ ነው? ጂፒኤስ፣ ሩቢዲየም ወይስ የተሻለ ክሪስታል

ሪፈረንስ ማለት ሬዲዮው ፍሪኩዌንሲውን የሚያስተካክልበት ትክክለኛ ምት የሚሰጥ ሳጥን ነው። ሩቢዲየም ሲባል ሰው "አቶሚክ እኮ ነው" ይልና ቦርሳውን ያወጣል፤ እኔ ግን ለአጭር ሞገድ ከሆነ መጨረሻ ላይ የማስበው እሱን ነው፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ያላችሁ ሬዲዮ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። ለምሳሌ አይኮም 7300 ውስጡ ያለው ቲሲኤክስኦ (የሙቀት ለውጥን የሚያካክስ ክሪስታል) 0.5 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ግማሽ እጅ ነው፣ ያ ማለት ቢበዛ በ10 ሜጋኸርዝ 5 ኸርዝ፣ በ28 ደግሞ 14 ኸርዝ ይስታል፤ ለድምፅ ወሬ ጆሮ አይለየውም፣ በኮምፒውተር አጫጭር መልእክት የሚላላኩበት ኤፍቲ8ም ግድ የለውም። ዊስፐር (በትንሽ ጉልበት የሚላክ ቀርፋፋ የኮምፒውተር ምልክት) የምትልኩ ከሆነ ነው ነገሩ የሚከብደው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚላላከው 200 ኸርዝ ውስጥ ተጣቦ ነው፣ አንዱ መልእክት ደግሞ 2 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ በዛ መሃል ፍሪኩዌንሲው ከተንሸራተተ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አያነበውም።

ስለዚህ ብር ሳታወጡ ይሄን ሞክሩ። ሬዲዮውን ዩኤስቢ ሞድ (የኮምፒውተሩ ኬብል ሳይሆን አፐር ሳይድባንድ) ላይ አድርጋችሁ 9.999 ላይ አቁሙት፣ አሜሪካ ያላችሁ ከኮሎራዶ የሚመጣውን የሰዓትና የፍሪኩዌንሲ ጣቢያ ደብሊውደብሊውቪ በ10 ሜጋኸርዝ ታገኙታላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ስታዩት መስመሩ ልክ 1000 ኸርዝ ላይ መቀመጥ አለበት፤ 1003 ካሳየ ሬዲዮው 3 ኸርዝ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፣ ከሜኑ ታስተካክሉታላችሁ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ የሞስኮው ተመሳሳይ ጣቢያ አርደብሊውኤም በ9.996 ስለሚልክ 9.995 ላይ አድርጉና ጠብቁት። ያው ሞገዱን የሚመልሰው የላይኛው አየር፣ አዮኖስፌሩ፣ ራሱ ስለሚንቀሳቀስ መስመሩ ትንሽ ይዋልላል፣ ስህተቱን ከዛ በታች ላውርድ ካላችሁ ነው ዕቃ የሚገዛው።

ኦሲኤክስኦ ብቻውን መግዛት ማለት ክሪስታሉን ምድጃ ውስጥ አስቀምጦ ሙቀቱን እኩል ማድረግ ነው። ጥሩ ነው፣ ሲግናሉም ንጹህ ነው፣ ግን ቀስ እያለ ያረጃል፣ በየጊዜው የሚያርመው ይፈልጋል።

ሩቢዲየሙስ? ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ከቴሌኮም ተነቅሎ የመጣ አሮጌ ነው። ኤፍኢ-5680ኤ 15 ቮልት ይፈልጋል፣ ብዙዎቹ 5 ቮልትም ይጨምራሉ፣ ኤልፒአርኦ-101 ደግሞ 24 ቮልት፤ ሁለቱም እንደ ካውያ ስለሚግሉ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣ ብረት) የግድ ነው፣ ውስጡ ያለው አምፖል ዕድሜ አለው፣ ስንት እንደቀረው ደግሞ ሻጩም አያውቅም። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እስኪሞቅ ትጠብቃላችሁ። ከሁሉ የሚገርመው ሩቢዲየሙም ይንሸራተታል፣ ለማስተካከል የምትፈልጉት ምንድነው? ጂፒኤስ! ታዲያ መጀመሪያውኑ እሱን አትገዙም?

በጂፒኤስ የሚታረመው ሪፈረንስ፣ ጂፒኤስዲኦ፣ ከሳተላይት የሚመጣውን የሰከንድ ምት እያየ ውስጡ ያለውን ክሪስታል ያርማል፣ ጥሩ ኦሲኤክስኦ ያለው በቀን አማካይ ስህተቱ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ነው። የሊዮ ቦድናር ትንሿ ሳጥን በዩኤስቢ 5 ቮልት ስለምትሰራ ፓወርባንክ ይበቃታል፣ መብራት ለሚያስቸግረው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኒዮ 7ኤም የሚባለውን የጂፒኤስ ሞጁል ብቻ ገዝታችሁ ከፒኑ 10 ሜጋኸርዝ አውጡ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ውስጡ 48 ሜጋኸርዝ ነው፣ ለ10 እኩል አይካፈልም፣ ስለዚህ ምቱ ይንቀጠቀጣል፣ 8 ሜጋኸርዝ ብታወጡ ግን ንጹህ ነው። አንቴናው ደግሞ ሰማይ ማየት አለበት፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መስኮታችሁ ጎረቤት ብሎክ ላይ የሚያፈጥ ከሆነ ረጅም ኬብል አስቡ፣ ሩቢዲየም ትርጉም የሚኖረውም ሰማይ ጨርሶ ለማያይ ሰው ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሬዲዮው መግቢያ እንዳለው አረጋግጡ። አይኮም 7610 ከኋላው የ10 ሜጋኸርዝ መግቢያ አለው፣ 7300 የለውም፣ ከፍቶ ቦርድ መጨመር ይጠይቃል። መግቢያ ያለውም ቢሆን የሪፈረንሱ ጉልበት ሊበዛበት ስለሚችል ማኑዋሉን አይታችሁ መሃል ላይ አቴንዩዌተር (ጉልበት ቀናሽ) አስገቡ። ሬዲዮም ካውንተርም (የፍሪኩዌንሲ መለኪያ) አብራችሁ የምትነዱ ከሆነ ሁለት መውጫ ያለውን ግዙ፣ የልዩነቱን ዋጋ ለማትረፍ ብላችሁ አንዱን መውጫ በቲ ኮኔክተር ለሁለት አትከፋፍሉት።