ያማሃ ፓሲፊካ 112ቪ ከወራት በኋላ፦ ዝም ማለት የሚያውቅ ጊታር

ይህን የምጽፈው በአንድ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ምክንያት ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታሬ ላይ ብሪጁ ጋ፣ ማለትም ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ጋ፣ ባለው ሃምበከር በሚባል ዓይነት። ከእነዚህ ሁሉ ወራት በኋላ ስለ ቀለሙ፣ ስለ አንገቱ፣ ስለ እንጨቱ ብትጠይቁኝ “ደህና ነው” ብዬ አልፋለሁ። ስለዚህ ፒክአፕ ግን ብዙ የምለው አለኝ።

ደሴ ውስጥ ብዙ የቆየ ቤት ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የደኅንነት ሽቦ) የለውም። ሶኬቱ የግራውንድ ቦታ ቢኖረውም ከጀርባው ሽቦ አልተዘረጋም። የእኔም ቤት እንደዚያ ነው። ሲንግል ኮይል (አንድ ጥምጥም ሽቦ ብቻ ያለው ፒክአፕ) ያለው ጊታር ሰክታችሁ አምፑን፣ ማለትም ድምፅ ማጉያውን፣ ከፍ ስታደርጉ፣ ገና አንድ ክር ሳትነኩ እምምም የሚል ኖይዝ ይቀድማችኋል። ግቢ ውስጥ ምጣድ ከተሰካማ ይብስበታል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ሶል ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ኖይዙ ከሶል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ግን ቀጣዩ ኖታ ጋ ሳይደርስ ይቀመጣል። በየትኛውም ኪይ ብትጫወቱ ከቅኝት ውጪ ነው።

ጊታሩን አስጩሆ ለሚጫወት ሰው ይሄ ላይሰማው ይችላል። የእኛ ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት አድምጧት። አንዱ ስንኝ አልቆ ሌላው እስኪመጣ ያለው ክፍት ቦታ የዘፈኑ አካል ነው። ጊታሪስት እዚያ ጋ ሁለት ኖታ ጣል አድርጎ መተው አለበት። አምባሰል ደግሞ መነሻው ላይ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ሁለት ኖታዎች አሉት። ሆድ የሚያባባው እዚያ ጋ ነው። እዚያ ላይ የመብራት ኖይዝ ሲገባበት አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

ማረጋገጫው ጊታሩ ላይ አለ። የ112ቪን የቶን ቁልፍ ወደ ላይ ስትስቡት የሃምበከሩ አንድ ኮይል ብቻ ይሠራል። ስትጫኑት ሁለቱም ይመለሳሉ። ያው ክፍል፣ ያው ገመድ፣ ያው አምፕ። ስቡት፤ እምምም ይጀምራል። ተጫኑት፤ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ የሰማ አንድ ጓደኛዬ ገመዱ የተነቀለ መስሎት ጎንበስ ብሎ አይቷል።

አሠራሩ ያምራል። ሃምበከር ማለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኮይሎች ናቸው። አንዱ ከሌላው በተቃራኒ ተጠምጥሟል፤ ማግኔቱም ተገልብጧል። ከመብራት የሚመጣው ኖይዝ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ይወጣና ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሴዝ ላቨር የተባለ የጊብሰን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው ነገር ይኸው ዛሬ ደሴ ላይ እኔን ይጠቅመኛል።

ሻጭ ግን ወደዚህ ወሬ አይገባም። “ኦርጅናሉ የስትራት ድምፅ ከሦስት ሲንግል ኮይል ነው የሚወጣው” ይላችኋል። ልክ ነው። የፌንደር ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ሦስት ሲንግል ኮይል ይዞ ነው፤ ያ ጥርት ያለ ድምፅ ሃምበከር ላይ የለም። “ኖይዙስ?” ስትሉት “አብሽር፣ የመብራቱ ችግር ነው” ይላል። እሱም ልክ ነው። ግን ወንድሜ፣ እኔ የምጫወተው በዚሁ መብራት ነው! ጊታሩ ጭንቅላት ላይ ለተጻፈው ስም ገንዘብ ከምትጨምሩብኝ፣ አምፕ ላይ ሰክታችሁ ዝምታውን አሰሙኝ።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ። መሃልና አንገቱ ጋ ያሉት ፒክአፖች ሲንግል ኮይል ናቸው። ለትዝታ ደግሞ የሚጣፍጠው አንገቱ ጋ ያለው ነው። ቤቴ ውስጥ እሱን መጠቀም ትቻለሁ። ሃምበከሩ ላይ ሆኜ ቶኑን ቀነስ አደርጋለሁ። ድምፁ ይወፍራል የሚል አለ፤ እኔ ወድጄዋለሁ።

መቃኛው ብዙም አላስቸገረኝም። ደሴ ብርድ ላይ የቃኘሁት ጊታር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የኮምቦልቻን ሙቀት ሲያገኝ ክሮቹ ይረግባሉ። ይሄ የማንኛውም ጊታር ጠባይ ነው። አዳራሽ ደርሶ ትንሽ አሳርፎ እንደገና መቃኘት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሃምበከር ግራውንድን አይተካም። ጊታር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ ከነዘራችሁ፣ ሠርግ ይሁን ልምምድ ወዲያው አቁሙ። ኖይዝ ለማጥፋት ብሎ የአምፑን ግራውንድ የሚያላቅቅ ሰው አለ፤ በሕይወቱ እየተጫወተ ነው። መፍትሔው ኤሌክትሪሽያን ጠርቶ ግራውንድ ማስቀበር ነው። እኔም አከራዬ እንዲፈቅዱልኝ እየለመንኳቸው ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ አምፑን ከፍ አስደርጉና ክሮቹን በመዳፋችሁ ያዙ። ከዚያ ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ሲንግል ኮይል ከሆነ ኖይዙ እንደ አቅጣጫችሁ ከፍ ዝቅ ይላል። ፒክአፕ መቀየሪያውንም ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ሞክሩት። ብዙ ባለ ሦስት ፒክአፕ ጊታሮች ላይ መሃለኛው በተቃራኒ ስለሚጠመጠም እዚያ ጋ ኖይዙ ይቀንሳል። ካልቀነሰ፣ ለእኛ ቤት የሚሆን አይደለም።

ዛሬም ብገዛ ይህንኑ ፓሲፊካ ነው የምገዛው። ኪሴ ከፈቀደ ግን ሁለት ሃምበከር ያለው የጊብሰን ሌስ ፖል ዓይነት ጊታር እጨምርበታለሁ፤ አንገቱ ጋ ያለውን ለትዝታ። የክሩ ርዝመት 628 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከፓሲፊካው 648 ይልቅ ክር ለመሳብም ይለሰልሳል። ክብደቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ለሚጫወት ትከሻ ቀላል አይደለም።